አንድ ምስክር ያየው ድንጋይ

ሐረር፣ ኤረር በር ውስጥ
ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሳዳ፣

ወንድሜ ነስሮ ልጄን በምላሱ ገደለው። ቃዲ ፊት ቆሞ፣ ቁርኣን ይዞ፣ «አብዱልፈታ ሞቷል፤ በእጄ ቀብሬዋለሁ» ብሎ ማለ። ብቻውን ማለ። አብሮት ያየ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። በዚያ መሐላ አባትሽ ሙት ተባለ፤ እናትሽ ናፊያ የመበለትነት ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ ሌላ አገባች፤ በሐዘን ጊዜ የሚቆመው የሰፈራችን አፎቻ ሊያስተዛዝነኝ ደጄ ድረስ መጣ። አንዱንም አላስገባሁም። በቤቴ የሞተ ሰው የለም ብዬ መለስኳቸው።

ይህን ያስቀደምኩት፣ የጠየቅሽኝን ነገር ማንን እንደጠየቅሽ እንዳትረሺ ነው። አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ይህ ወሬ አይደለም።

ስለ ሙሳ የጻፍሽው ደርሶኛል። ወገኖቹን አውቃቸዋለሁ። አባቱ ጫት ላይ ሲቀመጥ ወሬ ያበዛ ነበር እንጂ ቀጥ ያለ ሰው ነበር። ጋብቻውን አልቃወምም። እናትሽ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ እኔ ጋ ከቀረሽበት ቀን ጀምሮ ይህን ቀን ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ያልተዳረች ልጅ ላለችበት ቤት ምልክት ከበሩ በላይ ጠቅልዬ የሰቀልኩት ምንጣፍሽም አሁን ድረስ እዚያው ነው። ግን «ወሊዬ እርስዎ ይሁኑ፣ እርስዎ ይዳሩኝ» ያልሽውን አልቀበልም።

ሕጉን አስተምሬሻለሁ፤ ረስተሽው ከሆነ ልድገምልሽ። ሴት ልጅን የሚድር አባቷ ነው። አባቷ ከሞተ አያቷ ይድራታል። አባቷ በሕይወት ኖሮ ሩቅ አገር ከሆነ ግን አያት አይገባበትም፤ ቃዲው ነው የሚድራት። የኛ የመዝሀብ ሕግ እንዲህ ይላል፤ እኔ አልጻፍኩትም። እንግዲህ እኔ የሙሳን እጅ ይዤ «ዳርኩልህ» ያልኩ ቀን፣ «አባቷ ሞቷል» ያልኩ ቀን ነው። ነስሮ ያለውን ልድገም ማለት ነው። አልደግምም። ቃዲው ይዳርሽ። እኔ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ እቀመጣለሁ።

ስልክ ግዙ የምትዪውን ተይኝ። በስልክ የተባለ ነገር አየር ላይ ይቀራል፤ ወረቀት ግን የተናገረውን አይክድም። ደጁን እዘጋ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልዘጋም።

ሰው «ልጅቱ እዚያ ምን ትማራለች?» ሲለኝ «ድንጋይ ትጠብቃለች» እላለሁ። ይስቃሉ። በደንብ ጻፊልኝ። እንደ ሕፃን አታስረጂኝ፤ የሰማዩን ትምህርት፣ ፈለክን፣ በራሴ ጥረት ካሮጌ ኪታብ ተምሬያለሁ።

አያትሽ ዓብዱላሂ


ኬፕታውን
ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎ በሰው እጅ ደረሰኝ። ስለ ወሊው ዛሬ አልከራከርዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። የፊደል ሀሁንም፣ የሱረቱል ፋቲሓን መጀመሪያም፣ የከዋክብትንም ስም ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። ከማላውቀው ሰው እጅ መዳር አልፈልግም።

ድንጋዬን ልንገርዎ። እርስዎ ሚሪኽና ሙሽተሪ በሚሏቸው በማርስና በጁፒተር መካከል፣ ፀሐይን የሚዞሩ ለቁጥር የሚያታክቱ ድንጋዮች አሉ። አስትሮይድ ይባላሉ። የደረቁ፣ የሞቱ ነገሮች ናቸው ሲባል ኖሯል። ጅራታም ኮከብ ሌላ ነው፤ እሱ ከሩቁ ብርድ በረዶ ተሸክሞ ይመጣል፤ የፀሐይ ሙቀት ሲያገኘው በረዶው ይተንና አቧራውን ይዞ ጅራት ያወጣል። አሁን ግን ከነዚያ ደረቅ ከተባሉት ድንጋዮች ጥቂቶቹ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በዚያው በመንገዳቸው እየዞሩ፣ ጅራት ሲያወጡ ታዩ። እኔ የምከታተለው ከነዚህ አንዱን ነው። ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው።

ሲጤስ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ድንጋይ መትቶት አቧራው ተነሣ ተብሎ ነው። የእኔ ድንጋይ ግን አንድ ዙር ለመጨረስ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈጅበታል፤ በየዙሩ ወደ ፀሐይ ጠጋ የሚልበት ቦታ ሲደርስ እንደገና ይጤሳል። ከዚያ ይተወዋል። ዓመታት ዝም ይላል፤ የሚያየው ሰው መቼም ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር ነበር አይልም። የግጭት ነገር ቢሆን በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ አይመታም ነበር። ስለዚህ ከአቧራው ሥር በረዶ ተቀብሯል እንላለን። በረዶውን በዓይኑ ያየ የለም፤ የምናየው የሚነሣውን አቧራ ነው። በመጪው መስከረም እንደገና ይጠጋል።

ይህን ስጽፍልዎ ደጃችን ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ነፋስ በሩን ሲያንቋቋው ደንግጬ ወደ እርስዎ እሸሽ ነበር። እርስዎ «ዝም በይ፤ እሱ ከሆነ ራሱ ይገባል» ይሉኝ ነበር። እዚህ የክፍሌን በር ቆልፌ እተኛለሁ፤ ግን በሩ ሲንቋቋ አሁንም ሰው እስኪገባ እጠብቃለሁ።

ለረመዳን ጨረቃ ብለው ሐኪም ጋራን እንዳይወጡ አደራ። ለዚህ ጎረምሶች አሉ።

ልጅዎ ሳዳ


ሐረር፣ ኤረር በር ውስጥ
ሰኔ 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሳዳ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ዒድ ሙባረክ፤ ዘግይቷል፣ ቢሆንም።

ሐኪም ጋራን ወጣሁ። አትውጡ ባትዪኝ ምናልባት እቀር ነበር። ከጸሐይ መጥለቅ በኋላ የሰፈራችን ጎረምሶች «ታየች! ታየች!» ብለው ጮኹ። እኔ ግን ምንም አላየሁም። አላየሁም አልኩ። አንዱ፣ ሽማግሌ እንደሚያከብር ሁሉ፣ «አው ዓብዱላሂ፣ ጨረቃዋ እርስዎን ሳታስፈቅድ መውጣቷ ነው ጥፋቷ?» አለ። ሌላው፣ «ለእርስዎ ዝቅ ብላ፣ በሸዋ በር በታክሲ ትምጣልዎ እንዴ?» አለ። ሳቁ። «ያየኸውን አንተ መስክር፤ የኔ ዓይን ያላየውን እኔ አልመሰክርም» አልኩና ወረድኩ። ጾሙን ግን ከሰው እኩል ያዝኩ። ጾም ለመጀመር አንድ እውነተኛ ምስክር ይበቃል። ጾም ፈትቶ ዒድ ለማለት ነው ሁለት የሚያስፈልገው። ሕጉ ይህ ነው፤ ነስሮም አንድ ነበር።

አሁን ወደ ድንጋይሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን መላልሼ አነበብኩት፤ አንብቤው እንደ ልማዴ አልተኛሁም።

አባትሽ በ1983 ግንቦት፣ አገሩ በተበጠበጠበት ሰሞን፣ ወደ ጂጅጋ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣ። ስኳር ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ነው የወጣው። አንቺ ገና ጡት ላይ ነበርሽ። ቆይቶ ነስሮ ሊፈልገው ሄደ፤ ብቻውን ተመለሰ፤ «በመንገድ ላይ ትኩሳት ገደለው፤ ከአንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቀበርኩት» አለ። አላመንኩትም። ከአራት ዓመት በኋላ ነው ቃዲ ፊት የማለው።

ከዚያ በ1988፣ ወባ ጥሎኝ በተኛሁበት፣ አንድ ጫት ጫኝ ሾፌር ደጄ ቆመ። «ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው፣ ኤረር በር ውስጥ ያሉትን ኪታብ ጠራዥ ሰላም በልልኝ አለኝ» አለ። ስሙን አልጠየቀውም። በ1994 እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ባለኝ ዓመት፣ የማላውቃት ነጋዴ ሴት ኮፍያ አመጣችልኝ፤ አባትሽ ያደርገው የነበረ ዓይነት። ላኪውን አታውቀውም። በ2000፣ ወገቤ ታሞ በዘንግ በምሄድበት ወቅት፣ መግሪብ ሰግጄ ስወጣ፣ ደጄ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ብርቱካን አገኘሁ። አባትሽ ከመንገድ ሲመለስ እንደዚያ አድርጎ ነበር የሚያስቀምጥልኝ፤ በሩን ሳያንኳኳ። ያን ጊዜ አንቺም ነበርሽ፤ በላሽም። በ2005፣ ከደረጃ ወድቄ አልጋ በያዝኩበት፣ ሌላ ሾፌር መጣና «አባቴ አሁንም ለጨረቃ ሐኪም ጋራ ይወጣል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ» አለኝ። ከየምልክቱ በኋላ ዓመታት ጸጥ ይላል። ሰው ሁሉ ሞቷል ይላል።

እንግዲህ አንቺ ራስሽ ጻፍሽ፦ ግጭት ቢሆን በየዙሩ እዚያው ቦታ ላይ አይመታም ነበር። እኔ ጠንቋይ አይደለሁም፤ ኮከብ ቆጠራንም እጸየፋለሁ። ድንጋይሽ ከአባትሽ ጋር ግንኙነት አለው አላልኩም። ያልኩት፣ ደረቅ ነው የተባለ ነገር ሁሉ ደረቅ አይደለም ነው። በመስከረም ያንቺ ድንጋይ ይጠጋል። የኔም ይጠጋል።

ዓብዱላሂ


ሐረር፣ ኤረር በር ውስጥ
ጳጉሜን 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሳዳ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ድንጋይሽ ባለፈው ዙር ሲጤስ የተነሣው ሥዕል ደርሶኛል። በማጉያ መነጽር፣ በፀሐይ፣ ሰገነት ላይ ወጥቼ አየሁት። በቀይ እስክሪብቶ ያከበብሽው ክብ ይታየኛል። ክቡ ውስጥ አለ ያልሽው ጅራት አይታየኝም። ነጥብ አለ፤ በአጠገቡም ብዙ ነጥቦች አሉ። አየሁ ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅበትም።

ናፊያ ምን እንዳለችሽ አትጻፊልኝ። የሰው ሚስት ናት።

ስለ ምልክቶቹ ለጠየቅሽኝ፦ ሾፌሮቹን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። አዎ፣ ጫት የሚጭኑት ከሶፊ መንደር ነው። ጫት የሚጭን ሰው ከሌላ ከየት ይጭናል? ነስሮ እርሻው ሶፊ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው? ሁልጊዜ ታምሜ በነበርኩበት ጊዜ ስለመጡም ጠይቀሻል። በኔ ዕድሜ ሰው የማይታመምበት ዓመት አለ? እንደ ፖሊስ አትመርምሪኝ። ጥያቄሽ ብልህ እንድትመስዪ ያደርግሻል፤ ልጅ እንድትመስዪ ግን አያደርግሽም።

ሠርጉ በጥር ይሁን ያላችሁት ጥሩ ነው። ቃዲውን አነጋግራለሁ።

ሌላ ወሬ የለም። ውኃ በሳምንት አንዴም አይመጣ፤ ጀሪካኖቹ ከሰው በላይ መንገዱን ይዘውታል። ነስሮ ባለፈው ጁሙዓ ሞተ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ሰዉ ተሸክሞት በኤረር በር ሲወጣ ከግንቡ ጥግ ሆኜ አየሁ። ጀናዛው ቀላል ይመስል ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ይፈጥኑ ነበር።

ዓብዱላሂ


ኬፕታውን
ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ አጎቴ ነስሮ አላህ ይዘንለት። እርስዎ በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፉት፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ያነበብኩት እሱን ነው። ልጅ ሳለሁ ከአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ይጠላኛል እል ነበር። አንድ ቀን ብቻ ከእርስዎ ደብቆ ራሴን ዳበሰኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ድንጋዩ ይጤሳል፣ አባባ። በዚህ ሰሞን አየሁት፤ አዲሱን ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጅራቱ ቀጭን ነው፤ እኔም ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ያመንኩት። እስካሁን ከኔ በቀር ያየው ሰው የለም፤ ሌሎች ደግመው እስኪያዩት ማንም እንዲያምነኝ አልጠብቅም። እርስዎም አይመኑኝ፤ ግን አይቻለሁ።

እርስዎ ጋ የመጣ ሰው አለ? መጣ ቢሉኝ እፈራለሁ፤ አልመጣም ቢሉኝ የበለጠ እፈራለሁ።

ባለፈው ጥያቄዬ ተቆጡኝ። ልክ ነዎት፤ እንደ ልጅ አልጠየቅሁም። ግን አንድ ነገር ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ። በረዶው በራሱ አይነሣም። ዓመታት ተቀብሮ ዝም የሚለው የሚያሞቀው ስለሌለ ነው። ጢስ ባየን ቁጥር የምንጠይቀው ስለ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ከየት መጣ ብለንም እንጠይቃለን።

ስለ ወሊው ሁለተኛ አላነሣም። ቃዲው ይዳርሽ ካሉ ቃዲው ይዳረኝ። እርስዎ ከተቀመጡበት ቦታ እንዳይጠፉብኝ ብቻ።

ልጅዎ ሳዳ


ሐረር፣ ኤረር በር ውስጥ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሳዳ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ማንም አልመጣም።

መስከረምን ሙሉ ከዐስር ሶላት በኋላ ኤረር በር ላይ፣ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ጎን፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ታምሜም ነበር፤ ሳል ይዞኝ ደረቴን ይወጋኝ ነበር። ጥቅምትም አለፈ። የሶፊ መኪኖች እየመጡ ያራግፋሉ፤ ሾፌሮቹ ሰላም ይሉኛል፤ ያልፋሉ። አንድ ቀን በ2005 ደጄ የቆመውን ሾፌር አየሁት። ሸብቷል። ጠራሁትና፣ «ለኔ የተላከ ሰላምታ የለህም?» አልኩት።

አየኝ፤ ጫቱን ከጉንጩ አወጣ። «አው ዓብዱላሂ፣ ላኪው ሞቶ ማን ይልካል?» አለኝ።

«ላኪው ማነው?»

«አፉ በሉኝ፤ ያውቁ መስሎኝ ነው» አለና መኪናው ላይ ወጣ።

ከዚያ ወደ ሶፊ ሄድኩ። ከነስሮ ጋር ከተጣላን ወዲህ ያን መንገድ ረግጬው አላውቅም። ሚስቱ ሩቂያ ደጃፏ ላይ ቡና ፍሬ አስጥታ ትለቅም ነበር። አልተነሣችም።

«ለለቅሶ ነው የመጡት?» አለችኝ። «ዘገዩ።»

ሾፌሩ ያለኝን ነገርኳት። እጇ አላቆመም፤ እየለቀመች መለሰችልኝ። ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሻለሁ፦

«ባሌ ልጅዎን በእጁ አጥቦታል። በጉድጓድ ውኃ። ከፈን ቢያጣ የራሱን ሽርጥ አውልቆ ገነዘበት። ከዚያ ጆንያ አገልድሞ ነው ሐረር የገባው። እርስዎ ውሸታም አሉት። እሺ፣ ዝም አለ። ቃዲ ፊት ሲምልም ያቺ ልጅ ናፊያ ባልም ሳይኖራት፣ ፈትም ሳትሆን አርጅታ እንዳትቀር ብሎ ነው። ኋላ እርስዎ በወባ ሲወድቁ ‹ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው› አለ። ሾፌር ለመነ። ተነሡ፣ ሾርባ ጠጡ ሲባል ሰማን። ሌላ ጊዜ ሲወድቁ ኮፍያ ገዛ። ውሸት ሐራም ነው ብዬዋለሁ። ‹እውነቱን ስነግረው ውሸታም አለኝ፤ ታዲያ ምን ነግሬው ላድነው?› አለኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ብርቱካኑንስ እንዴት አላወቁትም?» አለች። «ያው ከኋላዎ ነው ዛፉ። ከባሌ ጋር ሆናችሁ የተከላችሁት አይደለም?»

ዞሬ አየሁት። ፍሬ ይዟል።

ከዚያ አልተቀመጥኩም። ሩቂያም ተቀመጡ አላለችኝም። ስወጣ ግን ጥቂት ብርቱካን በጨርቅ ቋጥራ እጄ ላይ አኖረችው።

በ1983 ነስሮ ከዚያ መንገድ የተመለሰ ዕለት የቤቱን ደጃፍ ሲያልፍ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ጆንያ አገልድሟል። «ሽርጥህን የት አደረስከው?» አልኩት። አልፎኝ ገባ። ጆንያውን አይቻለሁ። ስኳር ይያዝበት የነበረ ጆንያ ነው፤ ጽሑፉ በጎኑ ላይ ይነበብ ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ከዚህ በላይ በዚህ ነገር ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።

ትናንት የደጁን መወርወሪያ አስገባሁ። ዝጎ ነበር፤ በዘይት አሸሁት። ሌሊቱን ነፋሱ መጣ፤ በሩ አልተንቋቋም። ጸጥታው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ቢሆንም አልከፈትኩትም።

አዲሱን ሥዕልሽን ዛሬ ጠዋት እንደገና አውጥቼ አየሁት። አሁንም ጅራት አይታየኝም። ነጥብ ነው። ግን አይቻለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ከኔ በቀር ያየው የለም ብለሻል። አንድ ምስክር ነሽ። ተቀብዬሻለሁ።

ነስሮም አንድ ነበር።

ቃዲውን አነጋግሬዋለሁ። በጥር ስትመጪ የምድርሽ እኔ ነኝ። ለሙሳ ንገሪው፤ እጄ ሻካራ ነው፣ ሲይዘው አይደንግጥ። ቃዲው ከሁሉ በፊት «የልጅቱ አባት የት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ መጠየቅ ግዴታው ነው። እመልስለታለሁ። አንዴ እመልሳለሁ፤ አንቺም ከመጋረጃው ወዲያ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።

ያን ቃል ካልኩ በኋላ ስለ ልጄም፣ ስለ ነስሮም፣ ስለ ሾፌሮቹም ከኔ አፍ የሚወጣ ነገር አይኖርም። በደብዳቤ አትጠይቂኝ። እናትሽም አትጠይቀኝ። ወልደሽ ልጅሽ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ቢጠይቀኝም አልመልስለትም።

አያትሽ ዓብዱላሂ